ጥያቄና መልስ፦ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ለማን ይጠቅማል?

በዚህ ዕትም የተመረጡት አራት ደብዳቤዎች ሁሉም የሚጠይቁት ስለ መስኮት፣ በተለይም ብዙዎቻችን ደብል ግላስ ስለምንለው ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ነው። የአንባቢዎቹ ችግር ግን የተለያየ በመሆኑ መልሶቹም ለየብቻ ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ከቀለበት መንገድ አጠገብ ባለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊት የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ልጆቻችንን ስለሚቀሰቅሱብን የብረት መስኮቶቹን አስነሥተን በአልሙኒየም ደብል ግላስ ለመቀየር አስበናል። ሁለት ወርክሾፖች ዋጋ ሰጥተውናል። የአንደኛው ተንሸራታች ነው፤ የሌላኛው በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን ዋጋው በጣም ይበልጣል። መስታወቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ይህን ያህል ልዩነት መክፈል ተገቢ ነው ወይ?

መልስ፦ ዓላማችሁ ድምፅን መቀነስ ከሆነ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ከመስታወቱ ይልቅ ለዚህ ልዩነት መክፈል ይሻላል። ድምፅ ከአየር ጋር አብሮ ስለሚገባ፣ የመስኮቱ ስፋት አንድ መቶኛ ብቻ ክፍት ቢሆን መስታወቱ የቱንም ያህል ቢወፍር መስኮቱ ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይችልም። ተንሸራታች መስኮት በሀዲዱ ላይ መመላለስ ስላለበት ዙሪያው የሚዘጋው በብሩሽ ነው፤ ብሩሹ ደግሞ አቧራን እንጂ ድምፅን በቅጡ አያቆምም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይሳሳል። በማጠፊያ የሚከፈተው ግን እጀታው ሲዞር ክንፉን ዙሪያውን በተዘረጋ ጎማ ላይ አጥብቆ ይጫነዋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ወርክሾፑ ከዚህ ቀደም የገጠመውን መስኮት ሄዳችሁ እዩ፤ አንድ ወረቀት በክንፉና በክፈፉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ድምፁም በዚያው መንገድ ይገባል ማለት ነው። ይህን በአራቱም ጎን፣ በተለይ በማጠፊያው በኩል ባሉት ማዕዘኖች ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ጎማው ተቆርጦ ሳይገናኝ የሚቀረው እዚያ ነውና።

ስለ መስታወቱ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወቶች በ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተለያይተው የታሸጉበት ተራ ደብል ግላስ የሚቀንሰው ድምፅ 30 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን፣ አንድ ነጠላ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወትም ከዚያ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። ሁለቱ መስታወቶች ተቀራርበው ስለታሸጉ በመካከላቸው ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ አብረው ይርገበገባሉ፤ ዝቅ ያለውን የጭነት መኪና ጉርምርምታም በቅጡ ሳይገቱ ያሳልፉታል። ውፍረታቸው እኩል ሲሆን ደግሞ ሁለቱም የሚደክሙት በአንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ደብል ግላስ የምታሠሩ ከሆነ አንዱ 6፣ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አቅም ከፈቀደ ደግሞ አንደኛው በመካከሉ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ መስታወት፣ ማለትም የመኪና የፊት መስታወት የሚሠራበት ዓይነት ቢሆን ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል።

ከዚህም የሚሻልና የሚረክስ መንገድ አለ፤ ወርክሾፖቹ ይህን ሳይነግሯችሁ የቀሩት የሚያስከፍሉት በካሬ ስለሆነና ሥራው ስለሚያንስባቸው ይመስለኛል። የብረት መስኮቱን አታስነሡት። የተሰነጠቀውን የመስታወት ማጣበቂያ አስቀይሩ፤ በክንፉ ዙሪያ ጎማ አስለጥፉ፤ ከዚያም ከውስጥ በኩል ከእሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ የሚቆም ሁለተኛ የአልሙኒየም መስኮት በነጠላ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት አስገጥሙ። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ከሆነና መስኮቱ ወደ ውጭ ተጠግቶ የተተከለ ከሆነ ቦታው ይበቃል። በድምፅ ረገድ በሁለት መስታወት መካከል ያለው ርቀት ከመስታወቱ ውፍረት ይበልጥ ስለሚጠቅም፣ እንዲህ ያለው አሠራር 40 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ጆሮ የ10 ዴሲቤል ቅናሽን የድምፁ ግማሽ እንደጠፋ አድርጎ ስለሚሰማው፣ ከተራው ደብል ግላስ ጋር ያለው ልዩነት የልጆችን እንቅልፍ የሚወስን ነው። የሕንፃው የውጭ ገጽታም ስለማይለወጥ ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር የሚያነጋግር ነገር አይኖርም።

ውሉን በተመለከተ፣ «ደብል ግላስ መስኮት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፕሮፎርማ አትቀበሉ። የእያንዳንዱ መስታወት ውፍረት፣ በመካከል ያለው ክፍተት፣ የጎማው ዓይነትና የመገጣጠሚያው ቀን ይጻፍ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ዋጋ እንደማይጨመርም በውሉ ውስጥ መስፈር አለበት።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር ለብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ አያት አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። የዚያ አገር መስኮት ጥራቱን ስለማውቀው፣ ተሠርቶና ተገጣጥሞ ያለቀለት፣ በመካከሉ አርጎን ጋዝ የተሞላ ደብል ግላስ በኮንቴይነር ላስመጣ ነው። ልብ ልለው የሚገባ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ አለ፤ ትእዛዙን ገና ካልሰጡ በጊዜው ጠይቀዋል። ደብል ግላስ የሚታሸገው በፋብሪካው አካባቢ ባለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የታሸገው ጋዝ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መስፋት ይፈልጋል፤ መውጫ ግን የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱን መስታወቶች ወደ ውጭ ይገፋል።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ወዳጄ በተመሳሳይ መንገድ ያስመጣቸው መስኮቶች ከተገጠሙ በኋላ ቤቱን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ከግቢው ቆሜ የሳሎኑን ሰፊ መስታወት ስመለከት፣ በላዩ የሚታየው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ግንዱ መሃል ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ ይታያል። መስታወቱን በመዳፌ ስነካው እንደተነፋ ከበሮ ተወጥሯል። ሰፊዎቹ እንዲህ ጎብጠው ቢተርፉም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስታወቶች ግን ሁለቱ ከማዕዘናቸው ተሰንጥቀው ነበር። ጠባብ መስታወት ለመጉበጥ እሺ ስለማይል ግፊቱን ሁሉ ራሱ ይሸከማል፤ ካልተሰበረም ዙሪያውን ያሸገውን ማጣበቂያ ይቀደዋል። ከዚያ በኋላ እርጥበት ይገባና በሁለቱ መስታወቶች መካከል ከውስጥም ከውጭም የማይወለወል ጉም ይሠራል።

ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው አምራቹን መስኮቱ የሚገጠምበትን ከፍታ በጽሑፍ አሳውቆ፣ ግፊቱን የምታስተካክል እንደ መርፌ የቀጠነች ቱቦ በእያንዳንዱ መስታወት ጠርዝ ላይ እንዲያስገባ ማዘዝ ነው። በዚህች ቱቦ ውስጥ አርጎኑ ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ ግን ለጋዙ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ክፈፉን፣ ጎማውንና እጀታውን ከዚያ አምጥቶ መስታወቱን እዚሁ አዲስ አበባ ማሳሸግ ነው፤ እዚህ የታሸገ አየር ከእኛ አየር ጋር እኩል ነውና። የሚያሽገው ድርጅት በሁለቱ መስታወቶች መካከል በሚገባው የአልሙኒየም ዘንግ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ እንክብል መሙላቱን፣ ዙሪያውንም በአንድ ሳይሆን በሁለት ዓይነት ማጣበቂያ ማሸጉን ቆመው ያረጋግጡ።

ደግሞም ጀርመን ውስጥ ይህ መስኮት ዋጋውን የሚመልሰው ክረምቱን ሙሉ ከሚነድ ማሞቂያ ወጪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤትዎ ማሞቂያ ከሌለው የሚቆጥብልዎ የነዳጅ ሒሳብ የለም። የሚያገኙት የተሻለ ጸጥታና ማለዳ ላይ ጥቂት ሙቀት ነው፤ ይህ ደግሞ በጥሩ ጎማ ከታሸገ ነጠላ መስታወትም በአብዛኛው ይገኛል። ስለዚህ ደብል ግላሱን መንገድ ዳር ለሚመለከቱት የመኝታ ክፍሎች ብቻ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ሲሆን ፍላቴን የገዛሁት በሊዝ ነው። አንድ የመስኮት ሻጭ ቤቴ መጥቶ ከፍ ያለ ዋጋ ከነገረኝ በኋላ «ዛሬ ከፈረሙ ግማሹን እቀንሳለሁ» አለኝ። መስኮቶቼ ክረምት ክረምት በውስጥ በኩል ውኃ ያወርዳሉ፤ ሻጩም አዲሶቹ ይህን ያስቀሩታል ብሎኛል። ልፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ፤ ቢያንስ በዚያው ቀን አይፈርሙ። ዛሬ በግማሽ የሚሸጥ መስኮት የመጀመሪያው ዋጋው ለመቀነስ ሲባል የተጠራ ነው። ከሁሉ በፊት የሊዝ ውልዎን ያንብቡ፤ በብዙ ፍላቶች ክፈፉ የሕንፃው ባለቤት ንብረት በመሆኑ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማስቀየር ውል ማፍረስ ይሆናል። ምናልባትም የመቀየር ግዴታው የእነርሱ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከተገኘ፣ በእንግሊዝ ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀየር መስኮት የሙቀት ማሳለፍ ልኩ ከ1.4 መብለጥ እንደሌለበት፣ ወይም የኃይል ደረጃው ቢያንስ «ቢ» መሆን እንዳለበት ይወቁ፤ ይህ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍልዎ። ገጣሚው ፌንሳን በመሰለ ዕውቅና ባለው የምዝገባ ሥርዓት ውስጥ ከሌለ የአካባቢው ምክር ቤት ሥራውን መቆጣጠር አለበት፤ የምስክር ወረቀቱ ቤቱን በሚሸጡበት ጊዜ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ የፈረመውን ውል በ14 ቀናት ውስጥ መሰረዝ እንደሚችል አምኖ ይፈርማል፤ ሕጉ ግን በደንበኛው ልክ የሚሠሩ ዕቃዎችን ከዚህ መብት ያስወጣል፤ መስኮት ደግሞ በልክ የሚሠራ ነው። ስለዚህ የመሰረዣው ጊዜ በውሉ በግልጽ ካልተጻፈ አለኝ ብለው አይተማመኑ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ። የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ፣ በካርዱ የተከፈለው ቀብዱ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት የካርዱ ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ሴፍስታይልና ኤቨረስት የተባሉት የመስኮት ኩባንያዎች፣ የመጀመሪያው በጥቅምት 2023፣ ሁለተኛው በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የከሰሩበት ገበያ ስለሆነ ይህን ጥንቃቄ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ ሻጩ የነገርዎ በከፊል እውነት ነው። በውስጥ በኩል የሚወርደው ውኃ ከክፍሉ አየር የሚመጣ ነው፤ ወጥ ለሰዓታት ሲንተከተክ፣ ልብስ ማሞቂያው ላይ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት የቀዘቀዘ መስታወት ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። አዲሱ መስታወት ስለማይቀዘቅዝ እሱ ላይ መውረዱ ይቀንሳል፤ አየሩ መውጫ ካላገኘ ግን እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው የግድግዳ ማዕዘን ሄዶ ሻጋታ ያበቅላል። በክፈፉ አናት ላይ የምትሠራውን ቀጭን የአየር መግቢያ «ብርድ ታስገባለች» ብለው አያስቀሯት፤ በቴፕም አይድፈኗት። አዲሱ መስኮት ማለዳ ላይ በውጭ በኩል ጤዛ ቢይዝ ደግሞ አይደንግጡ፤ ሙቀቱ ከቤት አልወጣም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነን። ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን እንደ ምድጃ ይግላል። ደብል ግላስ ያበርድልናል ወይ?

መልስ፦ ተራው ደብል ግላስ አያበርድላችሁም። የሚያሞቃችሁ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ነው፤ ሁለት ንጹሕ መስታወቶች ደግሞ ከአንዱ የሚያስቀሩት ፀሐይ ጥቂት ነው። ፀሐዩ መስታወቱን ከመንካቱ በፊት ከውጭ ይከልከል፤ በምዕራብ በኩል ዳስ፣ ሸራ ወይም ከእንጨት የተሠራ መዝጊያ አድርጉ። ከውስጥ የሚዘረጋ መጋረጃ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ስለሚይዘው ብዙም አይረዳም። ከዚራ ሰፈር ያሉትን የምድር ባቡር ዘመን ቤቶች በረንዳ ልብ ብላችሁ ተመልከቱና ለአናጢያችሁ አሳዩት። ኤር ኮንዲሽነር ቀኑን ሙሉ የምታሠሩ ከሆነ ግን፣ ጥላው ከተሠራ በኋላ፣ የውጭው መስታወት ፀሐይ የሚመልስ ቅብ ያለው ደብል ግላስ የኤሌክትሪክ ሒሳባችሁን ይቀንሳል።