ቡሉኮውን አታጥቢው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የአንዲት ትንሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነኝ። ለጥምቀት እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን የድሮ የአልጋና የትከሻ ልብሶች ዐውደ ርእይ ልንከፍት ነው። ከከተማው፣ ከዘጌና ከመራዊ ቤተሰቦች 17 ልብሶች በውሰት ሰብስበናል፤ ዘጠኝ ቡሉኮ፣ አምስት ጋቢ፣ ሁለት ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና አንድ ድሪቶ። አብዛኞቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ጭስ ጭስም ይሸታሉ። አለቃዬ በእንዶድ፣ እምቢ ካለም በትንሽ በረኪና ታጥበውና ተተኩሰው ግድግዳ ላይ በምስማር እንዲሰቀሉ ይፈልጋሉ። ድሪቶውን ደግሞ «ያዋርደናል» ብለው ለባለቤቱ ሊመልሱት ነው። አንዲት እናት ቡሉኳቸው 150 ዓመት እንደሞላው ነግረውናል፤ እንዲሁ እንጻፈው? ክፍላችን ወደ ሐይቁ የሚያዩ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ፎቶዎቹን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።
ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ «በረኪና» የምትለዋን ቃል ሳነብ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አያቴ ባረፈች ዓመት፣ ለተዝካሯ ቤቱ ሲጸዳ፣ ቡሉኮዋን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ነጭ እንዲሆን ብዬ ውኃው ላይ በረኪና ጨመርኩ። ውኃ የጠገበ ቡሉኮ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ እኔ ግን ብቻዬን እየጎተትኩ ሽቦ ላይ ሰቀልኩት። ቡና እስኪፈላ እንኳን አልቆየም፤ ከጓሮ ጠርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለቱን ፈርጅ የሚያገናኘው የመሐሉ ስፌት በራሱ ክብደት ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ ነበር። ስፌቱስ ይሰፋል። በረኪናው ያረፈበት ቦታ ግን በዓመቱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ጀመር። እናቴ ፈታይ ነበረች። የረገፈውን አንስታ በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና «ባዘቶ ሆነ» አለች። ሌላ አልተናገረችኝም።

በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ክፍል 23 ዓመት ስሠራ ነው ነገሩ የገባኝ። በረኪና እድፉን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ የጥጡን ጭረት ራሱን ይቆራርጠዋል። ያረጀ ጥጥ ቀድሞውንም ስለደከመ እርጥብ ሆኖ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። እንዶድ ከበረኪና የዋህ ነው፤ ለዛሬ ጋቢሽ ተጠቀሚበት። ለእነዚህ ግን ጥፋቱ ከውኃው ይጀምራል፤ የቀዩ ጥለት ቀለም ወደ ነጩ ቢፈስ ማን ይመልሰዋል? ካውያም አታስጠጊ።

ደግሞስ ቢጫው ምን አደረገሽ? በላክሽልኝ በሦስተኛው ፎቶ ላይ እድፉ የቡሉኮውን አንድ ጫፍ ይዞ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ወርዶ ይቆማል። እኔ እንደማየው ያ የራስ ቅቤ ነው። ሴትዮዋ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ያንን ጫፍ ወደ ራስጌ አድርጋ ስንት ዘመን ተኝታበታለች! እድፉን ካጠብሽው የቡሉኮው ራስጌና ግርጌ አይለይም። ጭሱም የጎጆ ቤት ምድጃ ጭስ ነው። ሽታው የሚያስቸግርሽ ከሆነ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል በንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተሽ አንድ ሳምንት አቆዪው። አሁን ኅዳር ነው፤ ክረምቱ አልፎ አየሩ ደርቋል፤ ጊዜው አመቺ ነው።

ማድረግ ያለብሽ ጽዳት አቧራ ማንሣት ብቻ ነው። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው፤ የአልጋ አጎበር ጨርቅ በላዩ ወጥሪና አቧራ የሚስበውን ማሽን በዝቅተኛ ኃይሉ ከአጎበሩ በላይ ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺ። አጎበሩ የላላ ክር ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ይከለክላል። መጀመሪያ አንዱን ገጽ፣ ከዚያ ሌላውን። ቀለበትና የእጅ ሰዓትሽን አውልቂ፤ ክር የሚይዙት እነርሱ ናቸው።

ስለ ምስማሩ ለአለቃሽ በአክብሮት እንዲህ በይልኝ፦ ምስማር የልብሱን ክብደት በሙሉ በአራት ቀዳዳ ላይ ይጥላል፤ ዝገቱም በጥጥ ላይ የማይለቅ ቀለም ይተዋል። ጠንካራ የሆኑትን ጋቢዎች መስቀል ይቻላል። አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የታጠበ አቡጀዴ እንደ እጅጌ አድርገሽ በጀርባው በኩል ከዳር እስከ ዳር ስፊና የአሉሚኒየም ቧንቧ አሳልፊበት፤ ክብደቱ በመላው ወርድ ይከፋፈላል። የባሕር ዛፍ እንጨት አይሁን፤ እንጨት አሲድ እየተፋ ጨርቁን ያቃጥላል። ቡሉኮዎቹን ግን አትስቀያቸው። በአቡጀዴ የተሸፈነ ሰሌዳ ላይ ጋደም አድርጊያቸው፤ ሰሌዳው ከጠረጴዛ ትንሽ ቀና ቢል ይበቃል። የጠፍር አልጋ ካገኘሽ አንዱን እንደ ድሮው አልጋው ላይ አንጥፊው፤ ቆዳው ጥጡን እንዳይነካ መሐሉ ላይ ጨርቅ ጣይ።

መስኮቶችሽን በተመለከተ ዕድለኛ ነሽ። ሐይቁ ከከተማችን በስተ ሰሜን ስለሆነ መስኮቶቹም ወደ ሰሜን ያያሉ፤ በጥር ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ቀጥተኛ ጨረር አይገባብሽም። ዐውደ ርእዩ «ሰው ወደደው» ተብሎ ከሚያዝያ ካለፈ ግን ፀሐይ አናታችንን ተሻግራ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስም እዚያው ናት። በጥርም ቢሆን የሐይቁ ነጸብራቅ ጣሪያው ላይ ሲጨፍር አይተሽ ይሆናል፤ ያም ብርሃን ነው። በድርብ አቡጀዴ ጋርጂው። ለጨርቅ የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ አሃድ) ነው፤ ይኸውም ዓይን ትንሽ ቆይቶ የሚለምደው ድንግዝግዝ ማለት ነው። የስልክ የብርሃን መለኪያ በትክክል ባይናገርም ለግምት ይሆናል። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ ልብሱ ጨለማ ውስጥ ስላረፈ አይሽርም፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ አታሳዪያቸው። ዘጌ ወርደሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ካየሽ፣ መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው። ጥጥ ጥላና ደረቅ ቦታ ካገኘ ከእኛ ይልቅ ይኖራል።

ማታ ማታ መስኮት ከፍተሽ አምፖል አታብሪ። የሐይቁ ትንኝ ይገባል፣ ይሞታል፣ ጥግ ጥጉን ይሞላል፤ የሞተውን ትንኝ ብሎ የሚመጣው ነፍሳት ደግሞ ወደ ባናው ይዞራል። ስለ ባናዎቹ ቀጥሎ ለዘጌው አንባቢ የጻፍኩትን ተመልከቺ።

ወደ 150 ዓመቱ ልምጣ። እናትየዋ አልዋሹም፤ ከአያታቸው የሰሙትን ነው የነገሩሽ። አንቺ ግን ቁጥሩን አትጻፊ። በአጉሊ መነጽር ዘርፉን እዪው። ማጉም ድሩም አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ሰለል የሚል ከሆነ ሁለቱም የእጅ ፈትል ናቸው፤ ይህ የጥንትነት ምልክት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ድሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቅጥነት ካለው የፋብሪካ ክር ነው። የባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከውጭ የመጣ ክር ግን ከዚያም በፊት በገበያ ነበር። የመሐሉ ስፌት በእጅ ነው በመኪና? እርሱንም እዪ። ከዚያ መግለጫው ላይ «የቡሉኮው ባለቤት ከአያታቸው እንደወረሱት ይናገራሉ» ብለሽ ጻፊ። ደግመሽም ጠይቂያቸው፦ ማን ፈተለው? ለማን ሠርግ? ስንት ልጅ ተወለደበት?

እዚህ ላይ የፈታይ ልጅ ነኝና ቂሜን ልናገር። በየሙዚየሙ «የሸማኔ ሥራ» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ሸማኔው ክብር ይገባዋል፤ ግን እርሱ በቀናት ለሚጨርሰው ቡሉኮ ሴቲቱ ወራት ፈትላለች። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት አሹራ፣ ልቃቂቱን በልቃቂት ላይ ስትከምር የከረመች እርሷ ናት። በእያንዳንዱ መግለጫ ላይ «ፈታይ» የሚል መስመር ይኑር። ስሟን የሚያውቅ ከጠፋ መስመሩን ባዶውን ተዪው፤ ጎብኚው ባዶውን ያንብበው።

ድሪቶው። ሁለት ጊዜ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። መሠረቱ ያረጀ ጋቢ ነው። በላዩ የካኪ ቁራጭ አለ፣ ኪሱ እንዳለ ነው፤ ከጎኑ አቡጀዴ፣ ከሥሩ የጆንያ ጨርቅ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ የጃኖ ቁራጭ፣ ቀይ ጥለቱ ወደ ውጭ ዞሮ የተሰፋ። ያቺ ሴት ጨርቅ አጥታ ጆንያ ስትሰፋ እንኳን ቀዩን የት እንደምታውለው አስባለች! ቡሉኮ በብዙ ቤት አለ፤ ድሪቶ ግን ሰው እያፈረበት ስለሚጥለው አይገኝም። ለአለቃሽ ይህን አሳዪያቸውና ድሪቶውን ከበሩ ትይዩ፣ መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ ጋደም አድርጊው። የላላውን እራፊ አትስፊ። ባለቤቱ ካፈሩ ስማቸውን ሳትጽፊ አሳዪው።

የቀረው የወረቀት ሥራ ነው፤ በአጭሩ፦ ለእያንዳንዱ ልብስ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ቁጥር ጽፈሽ በሁለት ስፌት ጥግ ላይ አያይዢ፤ ስትረከቢ ቀዳዳውን ሳይቀር በፎቶና በጽሑፍ መዝግቢ፤ የመመለሻው ቀን የተጻፈበት፣ ባለቤቱ የፈረመበት ደረሰኝ ይኑር። ልብሶቹ አጠገብ ስትሆኚ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አትጻፊ። ለመታየት ተራ የሚጠብቁትን ልብሶች አጣጥፈሽ አታስቀምጫቸው። ከምንጣፍ ነጋዴ ወፍራም የካርቶን ጥቅል ለምኚ፣ አሉሚኒየም ፎይል አልብሺው፣ በላዩ የታጠበ አቡጀዴ፣ ከዚያ ልብሱን ጠቅልይበት።

ጥያቄ፦ የአባቴ ጥቁር በርኖስ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ናፍታሊን አድርጌበታለሁ፤ የወይራ ጭስም እናጥነዋለን። ዘንድሮ ሳወጣው ተበሳስቷል። ልጆቼ ለቱሪስት እንሽጠው ይላሉ። ምን ይሻላል?
ከዘጌ

መልስ፦ ጋሼ፣ የበላው ብል ነው። ብል ጥጥ አይበላም፤ ምግቡ ሱፍ ነው፤ በርኖስና ባና ይወዳል። በተለይ ላብና ቅቤ የነካውን። ናፍታሊን ለሰው ሳንባ ጥሩ አይደለም፤ የወይራው ጭስም መዓዛው ደስ ቢልም ጥቀርሻውን በሱፉ ላይ ይተዋል።

መድኃኒቱ ብርድ ነው። በርኖሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይክተቱት፤ አየሩን ጨምቀው ያስወጡና በደንብ ያሽጉት። በላዩ ሁለተኛ ላስቲክ ይጨምሩ፤ ምክንያቱም ማቀዝቀዣውን የሚያገኙት ባሕር ዳር ካሉ ዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ ሊሆን ስለሚችል የአምባዛ ሽታ ይዞ እንዳይመለስ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲያወጡት ወዲያው አይክፈቱት፤ ላስቲኩ እንደታሸገ አንድ ቀን ይደር፤ አለዚያ ቅዝቃዜው ከአየሩ ጤዛ ስቦ ሱፉን ያረጥበዋል። ሣጥኑን ደግሞ ስንጥቁን ሳይቀር ጠርገው ውስጡን በታጠበ አቡጀዴ ያልብሱት።

ሽያጩን በሚመለከት፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በወረዳዎ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡት። ለልጆችዎ ደግሞ በርኖሱን አንዴ አልብሰው ፎቶ ያንሷቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚሉትን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሸማኔ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። የት ልሂድ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ አለፍ ብሎ ወደ አውራ አምባ ሂድ፤ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው ማኅበረሰብ መተዳደሪያው ሽመና ነው፤ ወንድ ይሸምናል ሴት ትፈትላለች የሚለው ልማድም እዚያ አይሠራም፤ ሴቶቹም ይሸምናሉ። ፈቃድ ጠይቀህ ከአንዱ የሽመና ዕቃ አጠገብ ቁጭ በል፤ ስልክህን አውጥተህም የመወርወሪያውን ድምፅ አንድ አምስት ደቂቃ ቅዳ። ስትመለስ እላይ ለጻፈችልኝ ልጅ ስጥልኝ፤ ከድሪቶው ጎን ታሰማው።