«ሁለት ዓመት ጎበዝ ተብዬ በሦስተኛው እንዴት ሰነፍ ሆንኩ?»

ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ዋና ዋናውን እነሆ፦

«29 ዓመቴ ነው። በ16 ዓመቴ ከወላጆቼ ጋር በዲቪ ሲያትል መጣሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለቱን ዓመት ግምገማዬ ጥሩ ነበር። ሚያዝያ ላይ ቡድናችን ተበተነና አዲስ ማናጀር መጣ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ሰው ፊት ያዋርደኛል። ሌሎቹ ችለውታል። ኦንኮል (ሲስተም ሲበላሽ የሚጠራ ተረኛ) ሆኜ ሌሊቱን ሳድር ጠዋት ‹ኦነርሺፕ (ሥራን የራስ አድርጎ መያዝ) ይጎድልሃል› ይለኛል። እኔ ብዙ አልናገርም፣ ሥራዬ ይናገርልኛል ብዬ ነው ያደግሁት። ባለፈው ሳምንት ፒፕ የሚሉትን የአፈጻጸም ማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጠኝ። ወይ የስምንት ሳምንት የማሻሻያ ዕቅድ እፈጽማለሁ፣ ወይ የስንብት ክፍያ ወስጄ እወጣለሁ። በአምስት ቀን ወስን ብለውኛል። ድርጅቱ ቃል የገባልኝ ትልቁ አክሲዮን የሚለቀቀውና የራሴ የሚሆነው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለገጣፎ የጀመርነው ቤት ፊኒሺንግ ላይ ነው፣ ከፋዩ እኔ ነኝ። አባቴ ‹20 ዓመት ታክሲ ስነዳ መቼ ተማረርኩ? ቻለው› ይላል። አሁን ሌሊት ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ላመልክት? ማስተርስ ልጀምር? ወይስ እውነትም ሰነፍ ነኝ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻዋ ጥያቄህ ልጀምር። እሷን ይዘህ ከወሰንክ የምትወስነው በፍርሃት ነው።

ሥራህን ስላላየሁ «ጎበዝ ነህ» ብዬ ላጽናናህ አልችልም። ያ ወረቀት ግን የስንፍና ማስረጃ ተደርጎ የሚነበብ ወረቀት አይደለም። በእነዚህ ድርጅቶች ደረጃህ የሚጸድቀው አንተ በሌለህበት ክፍል ነው። ካሊብሬሽን ይሉታል። ማናጀሮች ይሰበሰባሉ፣ የየቡድናቸውን ስም ዝርዝር ይዘው ይገባሉ። ከፍተኛው ደረጃ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ ዝቅተኛውም ባዶውን ቢቀር ከበላይ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማናጀር የሚያወጣው ስም ያስፈልገዋል። ከመጣ ጥቂት ወር የሆነው ሰው ማንን ያወጣል? ራሱ ኢንተርቪው አድርጎ የቀጠረውን አይነካም፣ የእሱ ምርጫ ስህተት ነበር ማለት ይሆንበታላ። የሚያወጣው ከሌላ ማናጀር የወረሰውን ነው። አንተ ውርስ ነህ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጃክ ዌልች በ1980ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክን ሲመራ ሠራተኛውን 20፣ 70፣ 10 በመቶ ብሎ ከፍሎ የታችኛውን 10 የማሰናበት ልማድ አስፋፋ። እዚሁ ከእናንተ ሐይቅ ማዶ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት እንዲህ ዓይነቱን ደረጃ አሰጣጥ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በኅዳር 2013 ተወው። የቀድሞ ሠራተኞቹ እንደተናገሩት ጎበዝ ሰው ከሌላ ጎበዝ ጋር አንድ ቡድን መግባት ይፈራ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ ዝቅ ይላል። ሲያትል ታይምስ በ2021 የአማዞንን የውስጥ ሰነዶች ጠቅሶ እንደዘገበው ደግሞ ድርጅቱ በየዓመቱ ከቢሮ ሠራተኞቹ 6 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ቢሄዱ የማይቆጩባቸው፣ እንዲወጡ ግብ ይዞ ይሠራ ነበር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2025 መጀመሪያ ዝቅተኛ አፈጻጸም ያላቸውን ብሎ 5 በመቶ ያህል ሠራተኛ ሲቀንስ «ግምገማዬ ጥሩ ነበር» ብለው አደባባይ የወጡ ተሰናባቾች ነበሩ። አስተውል፦ መቶኛው የተቆረጠው ስሞቹ ከመታወቃቸው በፊት ነው።

«ታዲያ ለምን እኔ?» ትለኝ ይሆናል። ደብዳቤህን ሁለቴ ያነበብኩት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ሥራዬ ይናገርልኛል ብለሃል።

ይህንን ከሐበሻ ልጆች ስሰማ ኖሬአለሁ፣ በሰማሁት ቁጥርም እናደዳለሁ። በልጆቹ ላይ አይደለም የምናደደው። «ዝም አይነቅዝም» ብለን አሳድገን፣ ታላቅ ሲናገር ዐይንህን ዝቅ አድርግ ብለን አስተምረን፣ ከዚያ ማን ይበልጥ ስለ ራሱ እንደጻፈ የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ባዶ እጃቸውን ላክናቸው። በዚያ የማናጀሮች ክፍል ውስጥ ዝም በደንብ ይነቅዛል። ኮድ አፍ የለውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተህ ሲስተሙን ከመውደቅ ብታድነው፣ ደንበኛ ሳያውቅ ስለ ነጋ፣ ምንም አልተፈጠረም ማለት ነው። ጎንህ ያለው ልጅ ያንኑ ብልሽት በሁለት ገጽ ጽፎ፣ መንስኤውን አስረድቶ፣ ለሦስት ቡድን ልኮ ቢሆን ኖሮ ማናጀሩ የሚያነበው ነገር ይዞ ይገባ ነበር። የአንተ ማናጀር ግን ስለ አንተ የተጻፈ ነገር አልያዘም። ክፋት ይኑርበትም አይኑርበትም ውጤቱ አንድ ነው።

ይህን የምነግርህ ራስህን እንድትወቅስ ብዬ አይደለም። የጎደለህ ነገር ስም ካገኘ ይማሩታል፤ «ሰነፍ ነኝ» ግን ይዘኸው የምትኖረው በሽታ ነው። በሚቀጥለው ሥራህ ከመጀመሪያው ሳምንት አንስተህ በየዓርቡ አምስት መስመር ጻፍ፦ ምን ሠራሁ፣ ለማን ጠቀመ፣ ምን ተረፈ። ለአለቃህ ላክለት። ጉራ መስሎ ይሰማሃል። ይሰማህ፣ ግን ላከው።

«ሌሎቹ ችለውታል» ያልከውንም ደግሞ እየው። ከቡድንህ ስንቱ በኤች ዋን ቢ፣ ማለትም ከቀጣሪ ጋር በታሰረ የሥራ ቪዛ ነው ያለው? እነሱ ከሥራ ቢባረሩ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ሁኔታቸውን ለማስተካከል ያላቸው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ልጆቻቸው እዚህ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ግሪን ካርዱ በዚያው ድርጅት በኩል በሂደት ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ሲሰደቡ ፈገግ የሚሉት ብረት ሆነው አይደለም። አንተ በዲቪ የመጣህ ሰው ነህ፤ ወረቀትህ ከቀጣሪህ ጋር ስላልታሰረ መውጣት ትችላለህ። የእነሱን ዝምታ ለራስህ መለኪያ አታድርገው።

ወደ አባትህ ልምጣ። 20 ዓመት ታክሲ ነድተው ልጅ ያስተማሩ ሰው ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን «ቻለው» የሚሉህ የማያውቁትን ሥራ ነው። እሳቸው መኪናውን አቁመው ሲገቡ ሥራው ውጭ ይቀር ነበር። ከፊታቸው የተሰለፈው ነጂ ጥሩ ቀን ስላሳለፈ የእሳቸው ፈቃድ አይነጠቅም። የደከመው ሰውነታቸው ነውና ይተኙ ነበር፤ አንተ አልተኛህም። ይህን በአክብሮት ንገራቸው፣ ግን ፈቃድ አትጠይቅ።

ቤቱንም አቁመው። ከሥራ ብትወጣ ስድስት ወር የሚያኖርህ ገንዘብ ሲያትል ላይ ሳይኖርህ ለገጣፎ ላይ ሴራሚክ የምታስነጥፈው ለማን ነው? ግንቡ የትም አይሄድም። ቤተሰቡ ቅር ይለዋል፣ ኮንትራክተሩም ዋጋ ጨመረ ይላል፤ ሳታቆመውም መጨመሩ አልቀረም። የስምንት ወሩን አክሲዮን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንደሌለ ቁጠረው። ፒፕ ላይ ያለ ሰው ስምንት ወር ቆጥሮ የሚኖር ከሆነ አእምሮውን ነው የሚከፍለው፤ ያም ሆኖ ላያገኘው ይችላል።

አሁን አምስቱ ቀን። ወረቀቱን ዛሬ አትፈርም። የስንብቱ መጠን ስንት ነው፣ የጤና ኢንሹራንሱ የሚያበቃው መቼ ነው፣ አወጣጥህ «በራሱ ለቀቀ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው ወይስ በሌላ? እነዚህን በጽሑፍ ጠይቅ። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ ለማግኘት ይቸገራል፤ ሥራውን አልቻለም ተብሎ የተሰናበተ ግን በአብዛኛው ያገኛል። ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ አንድ ሰዓት ተቀመጥ። የኪንግ ካውንቲ (ሲያትል ያለችበት አውራጃ) የጠበቆች ማኅበር ያገናኛል። የስንብት ወረቀት ሲፈረም አብሮ የሚፈረመው የመክሰስ መብትህን መተው ስለሆነ የሚያነበው ሰው ያስፈልግሃል። ዋሽንግተን ስቴት ከሰኔ 2022 ጀምሮ ቀጣሪዎች ሕገወጥ ስለሆነ አድልዎና ትንኮሳ እንዳትናገር በውል እንዳያስሩህ ከልክሏል፤ «ዝም በል» የሚል አንቀጽ ካየህ ለጠበቃው አሳየው።

የቢሮ ፋይል ወይም ኮድ ወደ ግል ኢሜይልህ እንዳትልክ፤ ለእነሱ ነጻ የማባረሪያ ምክንያት ነው። ማናጀሩ የተናገረህን ከነቀኑ በራስህ ደብተር፣ በእጅህ ጻፈው።

ተናደህ «ይህ ካልሆነ እለቃለሁ» የሚል ነገርም እንዳትጽፍ። አዲስ አበባ የተወለደችው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ በታኅሣሥ 2020 ከጉግል የወጣችው እንዲህ ባለ ክርክር መሃል ነው። አብራ ስለጻፈችው የምርምር ጽሑፍ ሲጨቃጨቁ ቅድመ ሁኔታዎቿን ዘርዝራ፣ ካልተሟሉ የምትለቅበትን ቀን እንነጋገር የሚል መልእክት ላከች። ድርጅቱ መልቀቂያዋን ተቀበልኩ አለ። እሷ እስከ ዛሬ ተባረርኩ ነው የምትለው። ዓለም የሚያውቃት ሰው ስለሆነች የራሷን የምርምር ተቋም አቋቁማ ቀጠለች፤ አንተን ግን ነገ ጋዜጣ አይጽፍልህም።

እኔ የትኛውን እመርጣለሁ? ክፍያው ከስምንት ሳምንት ደሞዝህ የሚበልጥ ከሆነ ወስጄ እወጣለሁ። የሚያንስ ከሆነ ዕቅዱን እቀበልና ስምንቱን ሳምንት የሚከፈልበት የሥራ ፍለጋ ጊዜ አደርገዋለሁ፦ የተጠየቅሁትን በልኩ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ለኢንተርቪው እዘጋጃለሁ። ዕቅዱን አሸንፌ እቀራለሁ ብዬ ግን ነፍሴን አልሰጥም። ዳኛው ያው ራሱ ከሳሹ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪም። ሌሊት ልብ እየመታ መንቃት ቀላል ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ስቴት የሚከፈልበት የሕክምናና የቤተሰብ ፈቃድ አለው፤ ሐኪም ካረጋገጠልህ ለራስህ ከባድ የጤና ችግር፣ የአእምሮ ጤናንም ጨምሮ፣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ልታገኝ ትችላለህ። ከደሞዝህ በየጊዜው ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ ነው፤ ምጽዋት አይምሰልህ። ፈቃዱ ፒፑን አይሰርዘውም፣ ስትመለስ ይጠብቅሃል። ግን ተኝቶ የሚወስን ሰውና ሳይተኛ የሚወስን ሰው አንድ አይደሉም።

ቀጣዩን ሥራ በሚመለከት፣ ሌላ ትልቅ ስም ብቻ እንዳትፈልግ። ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ካውንቲው፣ ወደቡ፣ የመብራት ድርጅቱ፣ ሁሉም ፕሮግራመር ይቀጥራሉ። ከአንድ ትልቅ ድርጅት ወጥቼ ለካውንቲ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ደሞዜ አንሷል፤ አክሲዮን የለም፣ ነጻ ምሳ የለም፣ አንዳንዱ ሲስተማችን ከአንተ ዕድሜ ይበልጣል። ጡረታ አለ። ማታ ስልኬ አይጮኽም። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የምታወራበት ስም አይደለም፣ እሱን አልክድም።

ኤችአር፦ የሚያገለግለው ድርጅቱን ነው። የኡበር ኢንጂነር የነበረችው ሱዛን ፋውለር በየካቲት 2017 ስለ ድርጅቱ ስትጽፍ፣ የተነኮሳትን ማናጀር ለኤችአር ብታመለክትም የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ ሥራውም ጥሩ ነው ብለው እንደሸኟት ተናግራለች። ኡበር የተናጋው ጽሑፉ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ሰኔ ለቀቀ። ክፉ አለቃ መሆን ብቻውን በአሜሪካ ሕግ አይከለከልም። ማናጀሩ ስለ አነጋገርህ፣ ስለ ዘርህ ወይም ስለ ሃይማኖትህ አንድ ቃል ተናግሮ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ለማመልከት ዋሽንግተን ውስጥ 300 ቀን አለህ፣ ለጠበቃው ያንን አስቀድመህ ንገረው።

ማስተርስ፦ አሁን አይሆንም። የጎደለህ ዲግሪ አይደለም፣ የሚከፈለውም ከስንብት ገንዘብህ ላይ ነው።

የሐኪም ቀጠሮ ስለ መያዝህ ደብዳቤህ አይልም። ካልያዝክ ጠበቃውን ከመፈለግህ በፊት እሱን ደውለህ ያዝ።