ባህር ዳር እንደሚወራላት ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። የሰማ ሁሉ «እድለኛ ናት፣ ስልጡን ከተማ ነው የደረሳት፣ ፅዱ ነው፣ ሰዉም የተማረ ነው፣ ሴት ልጅ በሳይክል እንደልቧ ትሄዳለች» ይለናል። አባታችን ግን ፀጥታው እንቅልፍ ነስቶታል። እኔ ደሞ ይሄ ሁሉ ሙገሳ እውነት ነው ወይስ ሁለት ቀን ሐይቁን አይቶ የሚመለስ ሰው ወሬ ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። እርስዎ እዛው ስለሚኖሩ ሳይደብቁ ይንገሩኝ። ምን ይዛ ትሂድ ደሞ?
እህቷ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ለቤቱ ይሁን፣ ለታናሽሽም እንኳን ደስ አላት። ቁርጡን ልንገርሽ፣ ባህር ዳር በመንገዷና በትምህርቷ የወጣላት ስም ይገባታል፣ በሐይቋና ሐይቁ ዳር በሚኖሩት ሰዎች ጉዳይ ግን ገና ብዙ ይቀራታል።

ከሚገባት ልጀምር። ይቺ ከተማ እንዲሁ እንዳጋጣሚ የተሰራች አይደለችም፣ በንጉሡ ጊዜ የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አውጥተውላታል፣ ለዛ ነው ዋናው መንገድ እንደዛ ሰፊ የሆነው፣ ዘምባባውም የተደረደረው፣ መሬቱ ደሞ ሜዳ ስለሆነ ሳይክል እዚህ ለመዝናናት ብቻ የሚነዳ ነገር ሳይሆን የሰው መጓጓዣ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፔዳ ወደምንለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ብትቆሚ የምታይው ይሄንን ነው፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ታናሽ ወንድሟን ከኋላ ጭና፣ አስተማሪው ቦርሳውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ፣ ሴትየዋ ከገበያ የገዛችውን ጎመን ከኋላ አስራ፣ በመሀል ባጃጁ ጥሩንባውን እየነፋ ይሾልካል። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ወጣች ብሎ ዞሮ የሚያይ የለም። እህትሽ ከየትም ትምጣ ይሄ ነገር ደስ ይላታል፣ እኔም ስለዚች ከተማ በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

ሽልማቱም ቢሆን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 2002 ዩኔስኮ የሰላም ከተማ ብሎ ሸልሟታል፣ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ከተማ የሚያመጣውን ጣጣ ለመፍታት ስለጣረች። በ2015 ደሞ እዛው ዩኔስኮ የመማር ከተማ ብሎ ከሸለማቸው 12 ከተሞች አንዷ ሆነች፣ ቤጂንግና ሜክሲኮ ሲቲ ያሉበት ዝርዝር ውስጥ ማለት ነው።

ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲው በፊትም ነበር። ሌላኛው ግቢ ፖሊ በፈረንጆቹ 1963 በሶቪየቶች እርዳታ የተከፈተ የሙያ ትምህርት ቤት ነው፣ ፔዳ በ1972 አስተማሪ ለማሰልጠን ነው የተቋቋመው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው እኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ የተባሉት። አንቺን ሃይስኩል ካስተማሩሽ መሀል ፔዳ የወጣ አንድ አይጠፋም ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ዘንዘልማ የሚባል ግቢ አለ፣ ይባብ አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ፣ ስለዚህ እህትሽ የትኛው ግቢ እንደደረሳት አስቀድማ ትወቅ፣ አንዳንዱ ከመሀል ከተማ ራቅ ይላል።

አሁን ወደሚከብደው ልሂድ። ሰው ባህር ዳር ሲል መጀመሪያ የሚመጣለት ሐይቁ ነው አይደል፣ እና ሐይቁን ለማየት ስትወጪ አጥር ነው የሚገጥምሽ። ዳርቻው አብዛኛው በሆቴልና በመስሪያ ቤት ግቢ ተይዟል፣ ሻይ ሳትገዢ ቁጭ ብለሽ ውሃ የምታይበት ቦታ ከተማዋ ካላት የዳርቻ ርዝመት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። አሁን በኮሪደር ልማቱ የተከፈተ አለ፣ እሱ መልካም ነው፣ ግን ሐይቁ የሁሉም ነው እየተባለ አብዛኛው ነዋሪ ከአጥር ውጪ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጩንም ሰምተሻል። ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው፣ በብዛት የወረረው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለሆነ፣ በደምቢያ በፎገራ በጎንደር ዙሪያ ማለቴ ነው፣ ባህር ዳር ላይ ጁስ እየጠጣሽ ላታይው ትችያለሽ። የአካባቢው ገበሬና ከየከተማው በአውቶቡስ ተጭኖ የሄደው ወጣት ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ነበር፣ ያን ጊዜ ያየሁት መተባበር እስከዛሬ ያኮራኛል። ግን አረሙ የሚፋፋው ከእርሻ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ በሚወርደው ፍሳሽም ጭምር ነው፣ ያ ካልቆመ የተነቀለው ተመልሶ ይመጣል። ጣና በፈረንጆቹ 2015 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የአሳ ዝርያዎችም አሉት፣ እና ፅዱ ከተማ ነን ስንል መንገዱን ጠርገን ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ከለቀቅነው ምኑ ላይ ነው ፅዳቱ?

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የነገደ ወይጦ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከማናችንም በፊት ጀምሮ በዚህ ሐይቅ የኖሩ ናቸው፣ ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ አሁን አሳ ያጠምዳሉ፣ ሰፌድና ቅርጫት ይሰራሉ፣ ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ታንኳ የነሱ እጅ ስራ ነው። ሲሰሩ ቀረብ ብለሽ ብታይ ትገረሚያለሽ፣ ታንኳው የሚሰራበት ደንገል፣ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሳር፣ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ እየተጠቀለለ በገመድ ጠብቆ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደላይ ቀና ይላል፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከስራ መልስ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ እንደዛም ሆኖ የሚያገለግለው ለወራት ነው፣ ከዛ ሌላ ይታሰራል። ደንገሉ ራሱ ደሞ በእርሻና በግንባታ እየተመናመነ ነው። ታንኳው በሆቴሉ ግድግዳ ላይ በስእል ተሰቅሏል፣ በማስታወቂያውም ላይ አለ፣ የሚሰራው ሰው ግን ለዘመናት አብረን አንበላም፣ አንጋባም ሲባል ነው የኖረው፣ የሐይቁ ዳር መሬት ዋጋ ሲያወጣ ደሞ የሱ መንደር ነው መጀመሪያ ስጋት ላይ የሚወድቀው። የመማር ከተማ ተብለን ተሸልመን የለ፣ እንግዲያው እዚሁ ሐይቁ ዳር ከተወለዱት የነሱ ልጆች ስንቱ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ፣ ስንቱ የፔዳን በር እንደ ተማሪ ገባ ብለን መጠየቅ አለብን፣ እኔ ከተማዋን የምለካበት ጥያቄ ይሄ ነው፣ መልሱ ደስ የሚያሰኝ እስኪሆን ድረስ ስልጡን የሚለውን ቃል በሙሉ አፌ አልልም።

ስለ ፀጥታው የአባትሽ ጭንቀት ልክ ነው፣ አትጫኑት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ህይወት ጠፍቷል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ከርሟል፣ ትምህርት ተስተጓጉሏል፣ የሰላም ከተማ ለተባለች ከተማ ይሄ በጣም ያማል፣ ግን ከተማዋ ያመጣችው ነው ብዬ ስሟ ላይ አልፅፈውም። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ሳያደርግ አትነሳ፣ በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ያለው መንገድ ያን ሳምንት እንዴት እንደሆነ ከሹፌሮችና እዛ ካሉ ተማሪዎች ጠይቁ፣ ማታ አትጓዝ፣ አቅማችሁ ከቻለ አዲስ አበባ ወጥታ በአውሮፕላን ብትመጣ አባትሽም ያርፋል።

ይዛው የምትመጣውን በተመለከተ፣ አንደኛ አጎበር። ከተማዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ከደሴ በጣም ትሞቃለች፣ ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ትኩሳት ከተሰማት ጉንፋን ነው ብላ አትተኛ፣ ወዲያው ትመርመር። ስስ የጥጥ ልብስ ይበዛላት፣ ወፍራም ብርድ ልብሱ ደሴ ይቅር፣ አንድ ሹራብ ለክረምት ይበቃታል። መጀመሪያውን ሴሚስተር የግቢውን ካፌ ትጠቀም፣ ነን ካፌ መሆን፣ ማለትም የምግቡን ብር ተቀብሎ ውጪ መብላት የሚያዋጣት ከሆነ ዋጋውን እዚሁ አይታ ትወስናለች።

ቅዳሜና እሁድ ሲደብራት ከጓደኞቿ ጋር በጀልባ ዘጌ ትሂድ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለም፣ የቡናውን ጫካ ትይ፣ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት ስለማይገባ ጀልባው ውስጥ መጠበቅ ይሆንባታል፣ ስለዚህ ከመክፈሏ በፊት የት የት እንደሚወስዳት ትጠይቅ፣ በቡድን ሲሆን ሂሳቡ ይቀላል። ሳይክል ከደሴ ጭና እንዳትመጣ፣ ያገለገለ እዚሁ ታገኛለች፣ ቁልፉን ግን አዲስና ጠንካራ ትግዛ።