የጋራዥ ጥያቄና መልስ፦ የተበላ የሞተር ሽቦ

ጥያቄ፦ የ1996 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ ሞተሯ 5ኤ-ኤፍኢ ነው። ስትሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ትንቀጠቀጣለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱም በራ ጠፋ ይላል። ካንዴላውንና የካንዴላ ገመዱን ቀይሬያለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ የኢንጀክተሮቹን (የነዳጅ መርጫዎቹን) ሽቦ ነካ ነካ ሲያደርገው ለሳምንት ደህና ሆና ነበር። አሁን «ሙሉ ኢንስታሌሽን (የሞተሩን የሽቦ እሽግ በሙሉ) ከሱማሌ ተራ ግዛ» ይለኛል። ልግዛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይግዙ፤ ቢያንስ አሁን። በመነካካት የተስተካከለ ብልሽት አንድ ቦታ ላይ ያለ ብልሽት ነው። ከተፈታታ መኪና የሚወጣው ኢንስታሌሽን ደግሞ የእርስዎን ያህል ሙቀት የጠጣ ነው። በዚያ ላይ የማንዋሉና የአውቶማቲኩ፣ የ4ኤውና የ5ኤው ሞተር ሶኬት ሁልጊዜ አይገጥምም።

ቦታውን ለማግኘት ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሽቦውን ከኢንጀክተሩ ሶኬት ጀምረው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀስ አድርገው ያጥፉ (እጅዎንና እጅጌዎን ከቺንጊያው ያርቁ)። ሞተሩ የተንገዳገደበት ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ፕላስተሩን ይላጡ። ልባሱ ተሰነጣጥቆ ወይም አይጥ በልቶት ካገኙ ነገሩ ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ የተበጠሰው ነው። እሱን ሶኬቱ አጠገብ በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉት፤ ጤነኛ ሽቦ አይለጠጥም፣ መዳቡ የተበጠሰ ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል።

በቴስተር ኦም ብቻ ለክተው «ደህና ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ዜሮ ያሳያል። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከሞተሩ ኮምፒውተርም ከኢንጀክተሩም ያላቁ፤ በአንዱ ጫፍ በፊውዝ በኩል 12 ቮልት ይስጡ፣ በሌላው የ21 ዋት አምፖል አገናኝተው ወደ ማሳ (ወደ ኔጌቲቭ) ይውሰዱት። አምፖሉ እየበራ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ቮልቱን ይለኩ። 0.1 ቮልት ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ0.3 ካለፈ የተደበቀ ጉዳት አለ።

ለቅጥያ የቤት ኢንስታሌሽን ሽቦ አይግዙ። ነጠላ ወፍራም መዳብ ስለሆነ በሞተሩ ንዝረት ይሰበራል፣ ልባሱም የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው። ብዙ ክር ያለው፣ 105 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚችል የመኪና ሽቦ ያስፈልጋል፤ ለሴንሰር 0.5፣ ለኢንጀክተር 0.85 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። የድሮውን ሽቦ አረንጓዴው ዝገት አልቆ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ወደ ኋላ ይቁረጡ። ውስጡ ሙጫ ያለውን፣ ሲሞቅ የሚኮማተረውን ቱቦ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው *አስቀድመው* ሽቦው ላይ ያስገቡ (ይህን ረስቶ ሥራውን እንደገና ያልፈታ ኤሌክትሪሺያን የለም)። ከዚያ 8 ሚሊ ሜትር ልጠው፣ በመዳብ ማገናኛ ውስጥ አስገብተው በመጭመቂያ ፒንሳ ይጨምቁ፣ ቱቦውን ያሙቁ። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አንድ ክረምት አያሻግርም። ሶልደር የሚያደርጉ ከሆነ አሲድ ያለበት ፓስታ አይጠቀሙ፤ ሶልደሩ በክሮቹ ውስጥ ሰርጎ ስለሚያደርቃቸውም ቅጥያው እንዳይወዛወዝ ከዋናው እሽግ ጋር ይታሰር። ብዙ ሽቦ ሲቀጥሉ ቅጥያዎቹን በ3 ወይም በ4 ሳንቲ ሜትር ያለያዩ።

የቶዮታን የሽቦ ሥዕል ሲያነቡ «ኤል» ሰማያዊ ነው፣ «ኤልጂ» ግን ፈካ ያለ አረንጓዴ። ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ማሳ ነው።

ሲመልሱት ሞተሩና ቦዲው መሃል ላይ ሽቦው ላላ ያለ ይሁን፤ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይወዛወዛል፣ የተወጠረ ሽቦ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ የ1994 መርሴዲስ ኢ-ክላስ ነው። የሞተሩ ሽቦ ስነካው ልባሱ ይፈረፈራል። ቀጥዬ ላድነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን አይቀጥሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የወጡ መርሴዲሶች የሞተር ሽቦ ልባስ በሙቀት የሚበሰብስ ዓይነት ነበር፤ አንዱን ጋ ሲጠግኑ ሌላው ጋ ይፈርሳል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ከተነካኩ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ አያጣጥፉት። ሶኬቶቹን አስቀርተው ሽቦውን በሙሉ በአዲስ ያሠሩ፣ ወይም አዲስ ይግዙ። ሞተሩ ኤም104 ከሆነ የስሮትሉ (የሞተሩ አየር መግቢያ በር) ክፍል ውስጥ ያለው ሽቦም ከዚያው ዓይነት ስለሆነ አብሮ ይታይ።