ከመሐል ሜዳ ለጠየቅከን ወንድማችን፦ ላፕቶፑን ከመግዛትህ በፊት ቻርጀሩን ገልብጠህ አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመትህን ጨርሰህ ኮምፒውተር ሳይንስ ደርሶሃል። አባትህ ከበጎቹ ሸጠው 70 ሺህ ብር አዘጋጅተውልሃል። አዲስ አበባ አንዱ ሱቅ ዩዝድ የጌም ላፕቶፕ፣ ኮር አይ5 9ኛ ጄኔሬሽን ከጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ጋር አሳይቶሃል፤ ሌላው የሌኖቮን የቢሮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ480ን ውሰድ ይልሃል። «ትምህርቱንም የሚይዝልኝ፣ ማታ ማታም ኳስ ጌም የሚያጫውተኝ የቱ ነው?» ነው ያልከው። የመንዝ በግ በምን ልፋት አድጎ ገበያ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ በሁለት መስመር አልመልስልህም።

በራሴ ልጀምር። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ፣ እዚያው ጊቢ፣ የጌም ላፕቶፕ ገዛሁ። ማሽኑ መጥፎ አልነበረም፤ ጌሙ ስታክ ሳያደርግ ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ሄደና የዶርሙ ልጆች ስድስታችንም ተኛን፤ ላፕቶፔ ግን ዲቫይደሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ግድም መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ከልኩ በላይ ቦግ አለና ቀስ ብሎ ወረደ። ጠዋት ቻርጀሩ ሞቷል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የፋይናል ፈተና ሳምንት ነበር።

ቻርጀር ከተማው ውስጥ አይጠፋም ብዬ ወጣሁ። እውነትም አልጠፋም፤ ግን ያገኘሁት ሁሉ 65 ዋት ነው፤ የእኔ 150 ዋት ነበር። አንዱ ባለሱቅ «ጫፉ ከገባ ይሠራል» ብሎ 65 ዋቱን ሸጠልኝ። ጫፉ ገባ፣ ላፕቶፑም በራ። ወዲያው ግን ቻርጀሩ አቅም የለውም የሚል ጽሑፍ አወጣና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ራሱ ዝቅ አደረገው። ጌሙ ይቅርና ኮድ ለመጻፍ እንኳ ያንገራግር ጀመር። ትክክለኛው ቻርጀር ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ 19 ቀን ፈጀ። አሳይመንቴን ሁሉ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅኩ ነው የጨረስኩት፤ አንዱን ሳላስረክብ ቀርቻለሁ።

ከተመረቅኩ ወዲህ እዚሁ ደብረ ብርሃን ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሰው ማሽን ሲያሳየኝ ከክዳኑ በፊት ቻርጀሩን ነው የምጠይቀው። አንተም ገልብጠህ «አውትፑት» የሚለውን አንብብና ቮልቱን በአምፔሩ አባዛው። 20 ቮልት በ3.25 አምፔር 65 ዋት ነው። 19.5 ቮልት በ7.7 አምፔር ደግሞ 150 ዋት ነው። 65 ዋት የቢሮ ላፕቶፖች የተለመደ ልክ ስለሆነ ሲቃጠልብህ ከጎረቤት ዶርም ተውሰህ ፈተናህን ታልፋለህ፤ በተለይ በታይፕ ሲ የሚሞላ ከሆነ። ሱቁ ያሳየህ ዓይነት የጌም ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ዋት ይፈልጋል። ያን ቻርጀር በአንድ ቀን ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ ገንዘብህን አትክፈል።

ሌላም አለ። መብራት ሲሄድ የጌም ላፕቶፕ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ግራፊክስ ካርዱ የሚጠይቀውን ኃይል ባትሪው ብቻውን ስለማይችለው ማሽኑ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የቲ480 ፕሮሰሰር ግን በ15 ዋት ደረጃ የተሠራ ነው። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የኋላውን ሳታጠፋው ነቅለህ ሌላ መሰካት ትችላለህ። መብራት በሚመላለስበት ዶርም ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ቲ480 ግዛ ማለቴ ነው? ለትምህርቱ አዎ። ለጌሙ ግን እውነቱን እወቅ፤ ብዙዎቹ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ የላቸውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚመጣው ዩኤችዲ 620 ነው የሚሠሩት። ፔስ 2017 የሚባለውን ኳስ ጌም ያጫውትሃል፤ የቆዩትን ፊፋዎች ጥራቱን ቀንሰህ ትጫወታለህ። ጂቲኤ 5ንም ሁሉን ዝቅ አድርገህ፣ ስክሪኑን 720 ላይ አውርደህ ትገፋዋለህ፤ የሚያረካ ግን አይደለም። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ትናደዳለህ።

እኔ ከሁለቱም ይልቅ ሱቆቹ ያላሳዩህን ሦስተኛ መንገድ እመርጥልሃለሁ፦ ራይዘን የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለበት የቢሮ ላፕቶፕ። ለምሳሌ የኤችፒው ኤሊትቡክ 845 ጂ7 ወይም የመጀመሪያው ቲንክፓድ ቲ14 ባለ ኤኤምዲ። ሁለቱም የ2020 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ናቸው። ራይዘን 5 ፕሮ 4650ዩ የያዙትን ፈልግ፤ 6 ኮር (የፕሮሰሰሩ ሠራተኛ ክፍሎች) 12 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዳቸው ሥራዎች) ነው፣ አብሮት የሚመጣው ቬጋ ግራፊክስም ከዩኤችዲ 620 በግልጽ ይበልጣል። ቻርጀሩ ያው 65 ዋት ነው። ኳስ ጌምህን በደንብ ያጫውትሃል፣ ጂቲኤም ፊትህን ሳያስቋጥርህ ይሄዳል። ስትጠይቅ ግን «ራይዘን ያለው ኤሊትቡክ» ብለህ ጠይቅ፤ ዝም ካልክ ባለ ኢንቴሉን 840 ያወጡልሃል፣ መልኩ አንድ ነው።

ራም ላይ አትሸወድ። እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ጊጋ ጎን ለጎን መሰካት ጌሙን በሚታይ መጠን ያፈጥነዋል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ነው። 845 ጂ7 ሁለት የራም ቀዳዳ አለው፣ ቲ480ም እንዲሁ። ቲ14 ላይ አንዱ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ የሚጨመርበት ቀዳዳ አንድ ብቻ። ከስሙ መጨረሻ «ኤስ» ያለውን ቲ480ኤስ ቢሰጡህም እንደዚያው ነው። የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበትን አንድሮይድ ስቱዲዮን ከኢሙሌተሩ (ስልክ አስመስሎ ከሚያሳየው) ጋር የምትከፍትበት ጊዜ ስለሚመጣ 16 ጊጋ ያስፈልግሃል። ዛሬ ገንዘቡ ካልበቃ በ8 ጊጋ ግዛና ሌላውን በሴሚስተር እረፍት ጨምር። ለዚህ ነው የማይከፈት ቀጭን ላፕቶፕ እንዳትገዛ የምለምንህ።

«ኮር አይ7» የሚል ተለጣፊም አያስደንግጥህ። የ6ኛ ጄኔሬሽን አይ7-6600ዩ 2 ኮር 4 ትሬድ ነው። የ8ኛው አይ5-8250ዩ ግን 4 ኮር 8 ትሬድ ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው በሥራ ይበልጣል፤ ገበያ ላይ ግን አይ7ቱን አስወድደው ሲሸጡት ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው አሃዝ (ከ10ኛው ወዲህ ሁለቱ አሃዝ) ጄኔሬሽኑን ይነግርሃል። ከ8ኛ በታች አትውረድ። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ዝርዝር በኢንቴል በኩል ከሞላ ጎደል ከ8ኛው ነው የሚጀምረው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 6ኛና 7ኛውን ፍተሻውን አልፈው 11 ጭነውበት ሱቅ መስኮት ላይ ያስቀምጡታል፤ ሲበራ አዲስ ይመስላል። ቫሎራንትን የመሰለ ጌም ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት የሚባሉትን የማሽኑን የደህንነት መቆለፊያዎች ካላገኘ አይከፈትም።

ኮምፒውተር ሳይንስ ባይሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር። አርክቴክቸር የደረሰው ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ለሦስት ገጽታ (ስሪዲ) ሥዕል የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ይጠቅምሃል፤ ግን ትርፍ ቻርጀር አብረህ ግዛ።

ዋጋ አልነግርህም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬው ዋጋ የሚቀጥለው ሳምንት ላይሆን ይችላል። ግን 70 ሺውን ሁሉ ማሽኑ ላይ አታፍስስ። ለኤስኤስዲ (ፋይል ለሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ)፣ ለራም፣ ለደህና ዲቫይደርና ለቦርሳ የሚሆን ከላዩ አስቀር። ሁለት ሦስት ሺህ ብር ተጨምሮም ቢሆን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከተገኘ ከዚሁ ግዛ፤ ሲበላሽ በእግርህ ሄደህ ትመልሳለህ። ለመመለስ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መሳፈርና አንድ ቀን ክላስ መቅረትም ዋጋ አለው።

ሱቅ ስትገባ አትቸኩል፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም አንድ ሰዓት ውሰድ። በመጀመሪያ አጥፍተህ አብራውና ከዊንዶውስ በፊት ወደሚመጣው ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ ግባ። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ተወው፤ የድርጅት ንብረት የነበረና ያልተፈታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተህ የባትሪ ሪፖርት አስወጣ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስልህ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ እይ። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ስትነካ ስንት ቀዳዳ እንደተያዘ ይነግርሃል። ሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ሙሉ ጥቁር ሥዕል ከፍተህ ስክሪኑን መርምር። እያንዳንዱን ፊደል ተጫን፤ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ሁለት ካለው ቻርጀሩን በሁለቱም ሞክረው። መጨረሻ ላይ አንድ ጌም ከፍተህ 20 ደቂቃ አስኪደው። የሚጠፋ ማሽን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል።

አሁን ሰው ስለማይነግርህ ስለ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያንተው መሐል ሜዳ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ካለው ያንሳል፤ ብዙ አምራቾችም መመሪያቸው ላይ ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,048 ሜትር ነው። ብርዱ ራሱ ያግዘናል፣ ሌሊቱ ለማሽን ጥሩ ነው። የሚገድለው ብርድ ልብሱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማንም ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ አልጋ ላይ ወጥተን ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ባና ላይ እናስቀምጣለን። አየር የሚስበው ከሆዱ በኩል ስለሆነ ይታፈናል፣ የሱፉ ብናኝም ማራገቢያውን ይሞላዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ከምከፍታቸው ማሽኖች ሆድ እንደ ተፈተለ ሱፍ የተጠቀለለ ብናኝ ያላወጣሁበት ሳምንት የለም። ከጭንህ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ጣውላ ከአናጺ ቤት አስቆርጥና ከሥሩ አድርግ። ይህን ያደረገ ልጅ ማራገቢያ ላስቀይር ብሎ ሲመጣ አላየሁም።

ለእረፍት ታርማ በርን ተሻግረህ ወደ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጋ ከወረድክም፣ ማሽኑ በብርድ እንደተቀመጠ ሞቃት ቤት ገብቶ ወዲያው አይከፈት። በቀዘቀዘ ብረት ላይ እርጥበት ጤዛ ይሠራል። ከነቦርሳው አንድ ሰዓት ተወው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ፣ እንቅልፍ ቢጥልህም፣ ተነስተህ ንቀለው። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካው።

ጌሙን በሞባይል ዳታ ላውርድ እንዳትል፤ ጂቲኤ 5 ብቻ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ልጆች ከሃርድ ዲስክ ሃርድ ዲስክ ያስተላልፋሉ፣ ከዚያ ትቀዳለህ። ግን የዶርም ፍላሽ ቫይረስ የሰው ፕሮጀክት ሲበላ ስላየሁ፣ የትምህርት ፋይልህን በየሳምንቱ ጌም ያልነካው ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።

አባትህን ሰላም በልልኝ። ሱቅ ውስጥ ሆነህ የቻርጀሩን ጀርባና የባትሪ ሪፖርቱን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፤ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት አይቼ እመልስልሃለሁ።