የአናናስ ልጣጭ ጥናት ሥራ ያስገኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የባዮቴክኖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ጁስ ቤቶች ከሚጥሉት የአናናስ ልጣጭ ብሮሜሌይን (ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) በማውጣት ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን «እንጀራ የማያበላ ርዕስ ነው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ርዕሱን አትተዪው። «ብሮሜሌይን አውጪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ። ሥራ የሚያስገኝልሽ ኢንዛይም ሳይሞት ይዞ ጉልበቱን በቁጥር መለካት መቻልሽ ነው። ይህ ችሎታ በቢራና በወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪም፣ በሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ይጠቅማል። ቆዳ ከኖራ ከወጣ በኋላ የሚለሰልሰው ፕሮቲን በሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው፤ ብሮሜሌይንም የዚያው ወገን ነው።

ልጣጩን በተጣለበት ዕለት ሰብስበሽ በበረዶ ያዢው፤ ካደረ ይቦካል። 100 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ፎስፌት በፈር፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ (0.1 ሞላር፣ ፒኤች 7) ፍጪ። ብሌንደሩ ሳያርፍ ከሠራ ይሞቃል፣ አረፋውም ፕሮቲኑን ይጎዳል፤ ስለዚህ እያሳረፍሽ ፍጪ። በፈሩ ላይ ጥቂት ሚሊሞላር ሲስቴይን (ከኦክስጅን የሚከላከል አሚኖ አሲድ) እና ኢዲቲኤ (የብረት አዮኖችን የሚይዝ ውህድ) ጨምሪ። ብሮሜሌይን የሚሠራው በሰልፈሩ ነው፤ ሰልፈሩን ኦክስጅን ካገኘው ኢንዛይሙ ሥራ ያቆማል። ከዚያ በስስ ጨርቅ አጥልለሽ በ4 ዲግሪ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዝቃጭን ከፈሳሽ በሚለይ መሣሪያ) አሽከርክሪው።

ቀጥሎ ፕሮቲኑን ከፈሳሹ የሚያዘቅጠው ጨው፣ አሞኒየም ሰልፌት ነው። በ0 ዲግሪ ለ100 ሚሊ ሊትር 16.4 ግራም ሲጨመር 30 በመቶ ሙሌት ይደርሳል፤ ይህን ዝቃጭ ለይተሽ ፈሳሹን እስከ 60 በመቶ አድርሺና የሚዘቅጠውን ያዢ። ጨውን ቀስ በቀስ በትኚ። የ25 ዲግሪ ሰንጠረዥ ይዞ በበረዶ ላይ መሥራት ሙሌቱን ያሳስታል። ጨውን በዲያሊሲስ (ትንንሹን አሳልፎ ትልልቁን በሚያስቀር ስስ ከረጢት) አስወጪ፤ ብሮሜሌይን ወደ 24 ኪሎዳልተን ስለሚመዝን ከ12 እስከ 14 ኪሎዳልተን የሚያግድ ከረጢት ያስቀረዋል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ልኬቱ ላይ ነው። 1 በመቶ ካሴይን (የወተት ፕሮቲን) ከኢንዛይሙ ጋር በ37 ዲግሪ 10 ደቂቃ አቆይተሽ በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አስቁሚ፣ አጣሪና በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በ280 ናኖሜትር አንብቢ። ኩቬቱ (ፈሳሹ የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) ኳርትዝ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆ ያንን ብርሃን ይውጠዋል። በማነጻጸሪያው ላይ አሲዱ ከኢንዛይሙ በፊት ይግባ። የፕሮቲን መጠኑን በብራድፎርድ ዘዴ ለኪ፤ ሲስቴይን ሌላውን መለኪያ፣ የሎውሪን ዘዴ ያዛባል።

በየደረጃው ጠቅላላ ጉልበቱን፣ ጠቅላላ ፕሮቲኑን፣ በሚሊ ግራም ፕሮቲን ያለውን ጉልበትና ከመነሻው የቀረውን በመቶኛ በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሪ። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ ይህን ሰንጠረዥ ይዘሽ ግቢ፤ «እዚህ ደረጃ ላይ ግማሹ ለምን ጠፋ?» ተብለሽ ብትጠየቂ መልስ ይኑርሽ።

ጊዜ ካለሽ ግንዱንም ጨምሪ። አለታ ጩኮ አካባቢ አናናስ ይመረታል፤ ፍሬው ሲሸጥ ግንዱ ማሳ ላይ ይቀራል፣ ለገበያ የሚቀርበው ብሮሜሌይንም በብዛት የሚወጣው ከግንድ ነው። ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት ግን የክፍልሽ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ እንደሚሠራና ኳርትዝ ኩቬት መኖሩን ሄደሽ በዓይንሽ እዪ።