ጥንታዊ ጫካ ውስጥ ከመንገዱ አትውጪ

ሰላም እህቴ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጥንታዊ ደን ውስጥ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መሄድ ችግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ አለው። የዛፍ ሥር ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለናል። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን አብዛኞቹ ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቁም። እግር ደጋግሞ ሲረግጠው አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውሃ ማሳለፍ ያቅተዋል። ስንት መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ቀስ በቀስ ከሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ፎቶ ለመነሳት እንኳ ግንዱ ድረስ ባትጠጊ ደስ ይለኛል። መንገዱ ከጨቀየም መሃል መሃሉን እለፊ። ሁሉም ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ሲሄድ ነው መንገዱ እየሰፋ ደኑን የሚበላው። ለዚህ ውሃ የማያስገባ ጫማ በቂ ነው።

የወደቀ ግንድ ስታገኚ ግን ቆም በይ። የበሰበሰ እንጨት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ጎንበስ ብለሽ እይው። ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ጥንዚዛ ይሄዳል፣ ጎኑ ላይ እንጉዳይ ተደርድሯል፣ አንዳንዴ ጀርባው ላይ የጣት ቁመት ያላት ችግኝ በቅላለች። እኔ እዚያ ግማሽ ሰዓት ብቆይ አይሰለቸኝም። ቅርፊቱን ግን አትገልብጪው፣ ቤታቸው ነው።

ነፋስ በበረታበት ቀን ደግሞ ባትሄጂ ይሻላል። ያረጁ ዛፎች ትልልቅ ቅርንጫፍ ይጥላሉ።